ሰውነት ሳይደርስ ብዕር አይቅደም

ሰሞኑን «የባሕር ማዶ ማስታወሻ» የሚባል ጽሑፍ በዝቶብናል። አንዱ ለነፃ ትምህርት፣ ሌላው ለአጭር ሥልጠና ይሄዳል፤ ሻንጣውን ሳይፈታ ብዕሩን ያነሣል። በሦስተኛው ሌሊት «ከተማዋ ቀዝቃዛ ናት፣ ሕዝቡ አይተያይም፣ ዝምታው ያስፈራል» ብሎ ይልክልናል። ኧረ ለመሆኑ በስንት ሰዓት ነው ያየኸው? ከሌሊቱ በ9 ሰዓት በመስኮት ሲያጮልቁባት የትኛዋ ከተማ ናት የምትሞቀው?

ነገሩ ምሥጢር የለውም። በፈረንጆች የብርድ ወራት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን አገር ቤት ረፋድ 5 ሰዓት ነው። አውሮፕላን ሥጋን በአንድ ቀን ያደርሳል፤ በአንጎል ውስጥ ያለው ሰዓት ግን በብርሃን እየተመራ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሚታረመው። ፈረንጅ ጄት ላግ የሚለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ 8 ሰዓት ለማካካስ ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚያ ሳምንት የተጻፈው ሁሉ ስለ አሜሪካ ነው ቢባልም የጸሐፊው እንቅልፍ ታሪክ ነው!

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን የሄዱት በመርከብ ነበር። መርከብ ሰዓቱን በጥቂት በጥቂቱ ያሻግራል፤ ሰውነት ከጓዙ ጋር አብሮ ይደርሳል። ስለ አገሩም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉልን። ዛሬ መርከብ ይመለስ አንልም። መርከቡ በግድ ይሰጥ የነበረውን ጊዜ አሁን ጸሐፊው በፈቃዱ ይስጥ ነው የምንለው።

የተመላሹ ደግሞ ይብሳል። የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም፣ ወደ ምሥራቅ መመለስ ወደ ምዕራብ ከመሄድ ይከብዳል። ታዲያ ከአሜሪካ የመጣው ጓዳችን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ እያዛጋ «አገሬ አንቀላፍታለች» ብሎ ይጽፋል። አገርህማ ነቅታ ሥራ ላይ ናት፤ ያንቀላፋኸው አንተ ነህ!

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን ሌላ ነው። የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ የደቂቃ ልዩነት እንኳ የለውም። ለቤት ሠራተኝነት ወደዚያ የምትሄደውን እኅታችንን ጄት ላግ አይነካትም። ሆኖም እንቅልፍ የተነፈጉ ብዙ ናቸው። የእነሱን እንቅልፍ የወሰደችው ፀሐይ አይደለችም፤ አሠሪ ነው። በዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋው ወንድማችንም በሳምንት የሚታረም ሰዓት የለውም፤ ዛሬም ሌሊት፣ ነገም ሌሊት። የእነዚህ ማስታወሻ የታለ? የሳምንት እንግዳ ማዛጋት ገጽ ሲሞላ የእነሱ ዓመታት ስለ ምን አንዲት መስመር ያጣሉ?

አትጻፉ ማለታችን አይደለም። ኧረ ጻፉ! የመጀመሪያው ሌሊት ድንጋጤ ተመልሶ አይገኝምና ይመዝገብ። ግን በየገጹ ራስ ላይ ሁለቱንም ሰዓት፣ የአገሬውንም የአገር ቤቱንም፣ አስፍሩ። ወደ ምዕራብ የሄዳችሁ አመሻሽ ላይ ወጥታችሁ ብርሃን እዩ፤ የቀን እንቅልፍ አታብዙ፤ እስከ አገሬው የመኝታ ሰዓት ታገሡ። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ግለጡና ከድካም የመጣውን ከአገሩ ከመጣው ለዩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? የታተመ ደግሞ ተመልሶ አይለቀምም።

ከዚያም የሌሊት ሠራተኛውን ፈልጉና «ወንድሜ፣ መቼ ነው የምትተኛው?» በሉት። መልሱን ሳታሳጥሩ ጻፉ። እኛም ገጻችንን ለዚያ እንጠብቃለን።