ፈረስ ለሽያጭ ፎቶ ሲነሳ ኮርቻው ይውረድ

በቴሌግራም የሚለቀቁ የሚሸጡ ፈረሶችን ፎቶ ሳይ አንድ ነገር አይዋጥልኝም። ፈረሱ በኮርቻና በግላስ ተሸፍኗል፣ ባለቤቱም ላዩ ላይ ጉብ ብሏል። ጀርባው አይታይም። ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ከሆነ እሰየው፤ እንጅባራ ላይ ያላጌጠ ፈረስ መቼ ሊያጌጥ ነው! ለሽያጭ ግን የመጀመሪያው ፎቶ ያለ ኮርቻ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

«ገጣባውን ካሳየሁ ዋጋ ይወርድብኛል» የምትሉ አላችሁ። እስቲ ነገሩን በገዢው በኩል እዩት። ከሌላ ወረዳ የመኪና ከፍሎ፣ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ ይመጣል። እንደደረሰ ኮርቻውን ያስወርዳል። ቁስሉን ሲያይ ወይ ጥሏችሁ ይሄዳል፣ ወይ «ሌላስ ምን ደብቃችኋል?» ብሎ ጤነኛውን እግር ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ዋጋ ቁስሉን አሳይታችሁ ከምታገኙት ያነሰ ነው የሚሆነው።

ገጣባ ደግሞ የሚድን ነገር ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ሲቀዘቅዝ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩና እጠቡት። ከማጠቡ የሚበልጠው ግን እስኪድን ድረስ ኮርቻም ጭነትም አለማሳረፍ ነው። መግል ከያዘ ወይም ከጠለቀ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ውሰዱት። እንግዲህ ፈረስን ለፎቶ ማዘጋጀት የሚጀመረው ከዚህ ነው። ቅቤና ቫዝሊን መቀባቱን ተዉት፤ ለጊዜው ያብለጨልጫል፣ ወዲያው አቧራ ይሰበስባል። እፍኝ ገለባ ጠቅልላችሁ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ እሹት፣ ጋማውንና ጭራውን አበጥሩ፣ በሰኮናው ውስጥ የተጠቀጠቀውን ጭቃና ጠጠር በእንጨት አውጡ። እሱ ይበቃል። በደጋ ብርድ አመሻሽ ላይ በውሃ ማጠብ አያስፈልግም።

ፎቶው ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሁን። ሣር ሰኮናውን ስለሚሸፍን ደልዳላና ገላጣ መሬት ላይ አቁሙት። ተጠግታችሁ ካነሳችሁት ጭንቅላቱ ከሰውነቱ በላይ ይገዝፋል፤ አምስት ስድስት እርምጃ ራቁና ስልኩን በፈረሱ ደረት ልክ ይዛችሁ ከጎኑ አንሱ። አንድ ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ ገብስ በቁና ቢያንኳኳ ጆሮውን ያቆማል። ገመዱ ላላ ይበል፤ አንገቱን የተወጠረ ፈረስ ክፉ ይመስላል። ቀጥሎ የሁለቱንም ጎን፣ የእግሮቹንና የጀርባውን ፎቶ ጨምሩ። ሲራመድ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ካለ ደግሞ «ያነክስ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ያበቃል።

እግሩ ወይም አንገቱ ላይ በመስመር ተደርድረው የሚፈነዱ እባጮች ካሉ ግን ፎቶውንም ሽያጩንም አቁሙ። በቁስል፣ በዝንብና በጋራ የጭነት ዕቃ ወደ ሌላ ፈረስ የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ባለሙያ ይየው፤ ኮርቻውንም ለጎረቤት አታውሱ።

ዕድሜውን ስትጽፉ የፊት ጥርሱን ፎቶ አያይዙ። ፈረስ የፊት ጥርሱን ለውጦ የሚጨርሰው 5 ዓመት አካባቢ ነው። የወተት ጥርስ ያለውን «7 ዓመቱ ነው» ብትሉ፣ ጥርስ ማየት የሚችል ገዢ ስልክ እንኳ አይደውልላችሁም።