ጎማው ይቅደም፥ ሹካው ይከተል



ብስክሌት ድካምን የሚያቃልል፥ ጤናንም የሚጠብቅ መልካም መሣሪያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዛሬው ጽሑፋችን ልናወሳ የፈለግነው በኮረኮንች መንገድ እንዲሄድ ተብሎ ስለሚሠራው ብስክሌት ነው። መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ ሲሆን ጎማው ከዚያኛው ወፈር ይላል። የዚህ ብስክሌት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 በኢጣልያ በቬኔቶ ተደርጓል፤ ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ በኬንያ በማሳይ ማራ በኩል እ.ኤ.አ. በ2021 በኮረኮንች ላይ የብዙ ቀን ውድድር ተጀምሯል።

የዚህ ብስክሌት ባለቤቶች የመንገዱ መንገጫገጭ እጃቸውን ሲያደነዝዘው ሁለት ነገር ይመኛሉ። አንደኛው ትልቅ ጎማ ነው፤ ሁለተኛው የፊቱን ጎማ የሚይዘውን ባለ ሁለት እግር ክፍል፥ ማለት ሹካውን፥ በባለ ሞላ ሹካ መለወጥ ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ቍልቍለት ላይ ጎማው ከሹካው ጋር ተጣብቆ ቢቆም፥ ወይም ሹካው ቢሰበር፥ ነጂው ከመሪው በላይ ተወርውሮ ይወድቃል። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው። የምንመክረውም ጎማው ይቅደም፥ ሹካው ይከተል፥ ሁለቱም ከመገዛታቸው በፊት ይለኩ በማለት ነው።

በጎማው ጎን 40-622 የሚል ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ፊተኛው ቍጥር የጎማውን ውፍረት፥ ኋለኛው ጎማው የሚቀመጥበትን የቸርኬ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በሚሊሜትር ያመለክታል። ኋለኛው ከቸርኬው ጋር ካልተስማማ ጎማው ከቶ አይሆንም። ፊተኛውን ወደ 50 ብናሳድገው ጎማው በቀኝና በግራ አምስት አምስት ሚሊሜትር፥ ወደ ላይ ደግሞ 10 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ ትርፍ ማረፊያ ቦታ ይፈልጋል። የብስክሌቱ አጥንት ቴላዮ ይባላል፤ ይህ ቃል እንደ ቸርኬና እንደ ሞላ ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው። በጎማውና በቴላዮው፥ እንዲሁም በጎማውና በሹካው መካከል፥ ከጎንም ከላይም ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ይቅር፤ ጭቃ በሚበዛበት አገር ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። አምራቹ የወሰነው ልክ ካለ ግን የእርሱ ቃል ይጠበቅ። በሰፊ ቸርኬ ላይ ጎማው ከተጻፈበት ቍጥር በላይ ሊሰፋ ስለሚችል ነፋስ ከተሞላ በኋላ እንደ ገና መለካት ብልኅነት ነው።

ጎማ ይቅደም ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ዳንሎፕ በቤልፋስት ከተማ ነፋስ ያለበትን ጎማ የሠራው ለትንሹ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበር፤ የባለቤትነት ፈቃዱንም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነፋስ የብስክሌት ዋና ሞላ ሆኖ ይኖራል። ጎማው ሲወፍር የነፋሱን ግፊት መቀነስ ይቻላል፤ ግፊቱ ሲቀንስም ጎማው ድንጋዩን በመምታት ፈንታ አቅፎ ያልፈዋል። ይህን ጥቅም በጥቂት ወጪ ማግኘት ሲቻል ወደ ሹካው መቸኰል አይገባም።

አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ለልጁ ብስክሌት ባለ ሞላ ሹካ ይዞ ወደ ጠጋኙ ሄደ። ጠጋኙም፥ «ጋሼ፥ ሹካው ጥሩ ነው፤ ቴላዮው ግን ይፈቅድለታልን?» ሲል ጠየቀው። ጥያቄው ትክክል ነበር። ሞላ የሌለው ሹካ ከጎማው መዞሪያ እስከ ቴላዮው ድረስ 395 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ 40 ሚሊሜትር የሚታጠፈው ባለ ሞላ ግን 435 ገደማ ይደርሳል። ሹካው 20 ሚሊሜትር በረዘመ ቍጥር የመሪው ዘንግ ወደ 1 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይጋደማል። ነጂው ሲቀመጥበት ሞላው ጥቂት ዝቅ ቢልም፥ መሪው በዝግታ ጕዞ ላይ ይከብዳል፤ የቴላዮው አንገትም ያልታሰበለትን ኀይል ይሸከማል። ስለዚህ የአምራቹ ፈቃድ ከሌለ ይቅር። ባልደረባችንም ሹካውን መልሶ በገንዘቡ ወፍራም ጎማ ገዛ።

ፈቃዱ ቢኖር እንኳ የሹካው አንገት ውፍረት፥ የጎማው መዞሪያና የፍሬኑ ማሰሪያ ከብስክሌቱ ጋር መስማማታቸው ይታይ። አንገቱ አንድ ጊዜ አጥሮ ከተቈረጠ አይቀጠልምና መቍረጡ በመጨረሻ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ የሞላውን ነፋስ አስወጥታችሁ ሹካውን እስከ መጨረሻው ተጫኑት፤ ያን ጊዜ ጎማው ምንም ነገር የማይነካ ከሆነ ነፋሱን መልሳችሁ ሙሉና ወደ መንገድ ውጡ።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በብስክሌት ላይ የሚፈታው ነገር ከነጂው በታች ያለው ነውና፥ ከመሮጥ በፊት መለኪያውን እናንሣ።