«በመተማመን ነው» እያሉ ቤት ማፍረስ



በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ እስከ መሐል ከተማው፣ የጭቃ ቤት እየፈረሰ ፎቅ ይቆማል። ግቢ ያለው ገንዘብ የለውም፤ ገንዘብ ያለው ግቢ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ይገናኙና «ቤትህን አፍርሰን ፎቅ እንሠራለን፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ይደርስሃል» ይባላል። «የት ተጻፈ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ሁላችንም ሙስሊሞች አይደለንም ወይ?» የሚል ነው።

ይህ አነጋገር የኢማን ልብስ የለበሰ ስንፍና ነው፤ አንዳንዴም ተንኮል ነው!

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ምን ይናገራል? ሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። የታዘዙትም ምእመናን ናቸው። እጅ በእጅ የሚደረግ ንግድ ባይጻፍ ኃጢአት እንደሌለው ይኸው አንቀጽ ይገልጻል። ዛሬ ቤትን አፍርሶ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤት መጠበቅ ግን እጅ በእጅ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ቃሉን የሚያስጽፈውም ባለዕዳው ነው። እንግዲህ አልሚው ራሱ በምስክሮች ፊት ይናገር፦ ስንት ካሬ ሜትር? ስንተኛ ፎቅ? በየትኛው ወር? እስከዚያ ኪራይ የሚከፍለው ማነው? ቢዘገይስ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ በሑደይቢያ ከቁረይሾች ጋር የተስማሙትን አስጽፈዋል። «አል-አሚን» የተባሉት እርሳቸው ካስጻፉ እኛ ማን ነን?

«ሰውየው ታማኝ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ታማኝ ይሁን። ሲሞትስ? የአንዲት ተማሪዬ እናት ባሏ ከሞተ በኋላ ግቢዋን በቃል ስምምነት ሰጠች። ሰውየው በእርግጥ ደግ ነበር፤ ኪራይዋንም ይከፍልላት ነበር። ሥራው ሳያልቅ ግን ሞተ። ልጆቹ ሌቦች አይደሉም፤ «አባታችን የነገረን የለም» ነው ያሉት። ምን ይዛ ትሟገት? እርሷ ያለ ቤት ቀረች፤ እርሱም ዕዳውን ተሸክሞ ሄደ።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን መብት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በቁጥር 1727 ደግሞ የተዋዋዮቹን ፊርማና ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል። ቁርኣኑም ሕጉም «ጻፉ» ካሉን፣ ሳንጽፍ የምንቀረው በማን ፈቃድ ነው?

በደንገል ታንኳቸው የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ለትውልድ በጣና ዳር ኖረው፣ ከተማው በሰፋ ቁጥር ከዳርቻው ተገፍተዋል። የአያት የቅድመ አያት ኑሮ ብቻውን ሰነድ እንደማይሆን ከእነርሱ እንማር።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን ሕግ ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ። ቤቱ የሚስትና የልጆችም ነው፤ እነርሱም ይስሙ። «እንጻፈው» ስትሉት የሚቆጣ ቢኖር፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።