በጣሳና በባልዲ የተተከለ አትክልት፣ ውሃውና ተባዩ

በዚህ ወር የምንነጋገረው በረንዳና ደጃፍ ላይ በጣሳ፣ በተቆረጠ ጀሪካንና በአሮጌ ባልዲ ስለምናሳድጋቸው አትክልቶች ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ግቢ የሌለው ተከራይ እንኳ ለዕለት ወጡ የሚሆን ቃሪያና ቆስጣ ከደጃፉ ሊቀጥፍ ይችላል። ሆኖም ብዙ እኅቶች «ተባይ ፈጀብኝ» እያሉ መድኃኒት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ። ነገ ለልጆች በሚቀርብ ቅጠል ላይ መርዝ መርጨትን እኛ አንመክርም። አስቀድሞ መታየት ያለበት የውሃ አጠጣጣችን ነው።

የውሃ ችግር ለወልቂጤ ነዋሪ አዲስ ወሬ አይደለም፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ሕዝቡን ለአቤቱታ አደባባይ ያስወጣ፣ የሰው ሕይወትም የጠፋበት ጉዳይ ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ቤት ልማዱ የታወቀ ነው፤ ውሃ በመጣ ቀን በርሜሉ ይሞላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ተክሉም እስኪጥለቀለቅ ይጠጣል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ይረሳል። መሬት ላይ የተተከለ ተክል ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ እርጥበት ይፈልጋል። የጣሳ ተክል ግን ያለው ያችው እፍኝ አፈር ናት፤ አንድ ቀን ትጥለቀለቃለች፣ በሳምንቱ ትሰነጠቃለች። ተባይ የሚበረታው በዚህ መሐል ነው።

አፈሩ ረጥቦ ሲሰነብት ከላዩ ብን ብን የሚሉ ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ይታያሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በላይኛው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ የሚፈለፈሉት ጭንቅላታቸው ጥቁር የሆነ ነጫጭ ትሎች ሻጋታና ለጋ ሥር ይበላሉ። የቡና አተላ ጣሳው ላይ መድፋት የለመድን ሁሉ ልብ እንበል፤ አተላው እርጥበት ይዞ ሲሻግት ለትንኟ ድግስ ይሆንላታል። ትሉ መኖሩን ለማወቅ የድንች ቁራጭ አፈሩ ላይ አኑሮ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ገልብጦ ማየት ይበቃል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ የላይኛው አፈር ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ውሃ አለመስጠት።

በበጋ ደግሞ ተክሉ ተጠምቶ የመንገድ አቧራ ሲለብስ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ይነሳል። ስምንት እግር ስላለው በትክክል ከነፍሳት አይቆጠርም፤ ጉዳቱ ግን ያው ነው። ቅጠሉ በቢጫ ነጠብጣብ ይሞላል፣ ከሥሩም ስስ ድር ይታያል። ቅጠሉን በተለይ ከታች በኩል በጠዋት በውሃ ማጠብ ይህንንም፣ የጎመን ክሽክሽንም ያራግፋል። በምሽት ማጠብ ግን ቅጠሉን እርጥብ አድርጎ ስለሚያሳድር ለሻጋታ በሽታ ይዳርገዋል።

እንግዲህ ውሃው በመጣ ቀን በርሜሉን እንሙላ፤ ተክሉን ግን ጣታችንን አፈሩ ውስጥ ከትተን ስንነካው ደረቅ ከሆነ ብቻ እናጠጣ። የጣሳውን ቂጥ በምስማር አራት አምስት ቦታ እንብሳና ከታች እስኪንጠባጠብ ቀስ እያልን እናፍስስ። ዉዱእ ስናደርግ ሳፋ ከሥር ብናስቀምጥ የሚጠራቀመው ውሃ ለሁለት ሦስት ጣሳ ይበቃል። የኦሞ እጣቢ ግን «ተባይ ይገድላል» እየተባለ ቢደፋም ጨው ስላለው አፈሩንና ሥሩን ይጎዳል።

ከጣሳው ሥር የምናስቀምጠውን ሳህን ሳንደፋ መተው ለወባ ትንኝ ቤት መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ በተለይ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ስለዚህ ሳህኑን በሳምንት ሁለት ጊዜ መድፋት፣ በርሜሉንም ክዳን ከሌለው በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ዙሪያውን በገመድ ማሰር ነው።