ከአዳዲሶቹ በፊት አንድ አሮጌ መጽሐፍ እናንብብ

ስለ መጪው ዘመን ቴክኖሎጂ ምን እናንብብ እያልን የምንጠያየቅ ዕጩ መምህራን ጥቂት አይደለንም። በእኔ አስተያየት መጀመር ያለብን እ.ኤ.አ. በ1976 ከታተመው የፕሮፌሰር ጆሴፍ ዋይዘንባም መጽሐፍ ነው። ርዕሱ በአማርኛ «የኮምፒዩተር ኃይልና የሰው አመዛዛኝነት» እንደማለት ነው።

ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ኤሊዛ» የተባለች፣ በጽሑፍ የምታነጋግር ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ኤሊዛ የተጻፈላትን ቃል ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልሳለች እንጂ አንድም ነገር አይገባትም። ይሁንና የገዛ ጸሐፊያቸው ከእሷ ጋር ስታወራ «እባክዎ ክፍሉን ይልቀቁልን» አለቻቸው! ፕሮፌሰሩ ደነገጡ። የመጽሐፉም ቁም ነገር ኮምፒዩተር ሊሠራው ቢችል እንኳ ልንሰጠው የማይገባ ሥራ አለ የሚል ነው።

ታዲያ ይህ እኛን አይመለከትም? ዛሬ የትምህርት ዕቅዱን በስልኩ የሚያስጽፍ ሞልቷል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ዕቅዱ አምሮ ይወጣል። ግን ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ትምህርቱ ለምን እንዳልገባው ዕቅዱ ከየት ያውቃል? ይህን ማወቅ የመምህሩ ሥራ ነው፤ ለማንም አይሰጥም።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሊከብደን ይችላል። ምዕራፍ ምዕራፍ ተከፋፍለን እናንብበው፣ መምህሮቻችንም ያግዙን፣ ከዚያ እንከራከርበት!