ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን «ፎርማት አድርገውና ልሂድ» ሲሉኝ ያመኛል። ዊንዶውስ ሰማያዊውን ስክሪን ሲያሳይ፣ በዚያች ቅጽበት ሜሞሪው ላይ ከነበረው ቀንጭቦ «ሚኒደምፕ» በሚባል ፎልደር ያስቀምጣል። ፎርማት ይህንን ማስረጃ ያጠፋል። አንድ መሥሪያ ቤት ደጋግሞ ያስፎረመተውን ኮምፒውተር አምጥቶልኝ ከመጨረሻው ፎርማት በኋላ የተቀመጠውን ፋይል ስከፍተው፣ የዋይፋዩ ድራይቨር ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ድራይቨሩን ቀየርኩት፤ በቃ።

ሊኑክስም ለዚሁ ፕሮግራም ሲበላሽ የሚያስቀምጠው «ኮር ደምፕ» አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን አስቀድሞ ካልተፈቀደለት አያስቀምጥም። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ለብልሽት ምርመራ «ባግ ሪፖርት» ይወሰዳል።

የብልሽት ማስረጃ ዋጋው ከኮምፒውተርም ያልፋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ኤምካስ የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች መግፋቱ የተረጋገጠው ከስብርባሪው በወጣው የበረራ መረጃ መቅረጫ ነው። ያ መቅረጫ ባይገኝ ኖሮ ጥፋቱ በአብራሪዎቹ ላይ ሊላከክ ይችል ነበር።

አፕ የምትሠሩ ልጆቻችን፣ የብልሽት ሪፖርታችሁ ኢንተርኔት ብቻ አይጠብቅ። በደቡብ ጎንደር መብራቱም ኔትወርኩም ይጠፋል፤ ሪፖርቱ ስልኩ ላይ ይቆይና መስመር ሲመለስ ይላክ። ባለቤቱንም አስፈቅዱ፤ ደምፕ ውስጥ የይለፍ ቃል ሊኖር ይችላል።