ሰሌዳውን ያነበበ ዓይን ሁሉ ጤነኛ ነው ያለው ማነው?

አባቴ የኢሱዙ ሾፌር ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው አሶሳ ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ ነው። ከአሶሳ በባምባሲ፣ በመንዲ አድርጎ ነቀምቴ የሚያደርሰውን መንገድ እንደ ጓሮው ያውቀዋል። መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ በሄደ ቁጥር አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈን አድርጎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያነባል። እስከ ታችኛው መስመር ድረስ! ለመጨረሻ ጊዜ ሲያሳድስ መርማሪው «ጋሼ፣ የእርስዎ ዓይን ከእኔ ይሻላል» ብሎ አመስግኖታል።

ያ የተመሰገነ ዓይን ያን ጊዜ እየሞተ ነበር።

መጀመሪያ የነቃበት ሐኪም አይደለም፤ ረዳቱ ነው። የግራው ስፖኪዮ በየጊዜው ይጋጫል። አንድ ቀን ባምባሲ መግቢያ ላይ አንድ ልጅ ፍየል እየጎተተ ከግራ በኩል ሲሻገር ረዳቱ ጮኸ። መኪናው ለጥቂት ቆመ። «ጋሼ፣ ልጁን አላዩትም እንዴ?» «የቱን ልጅ?» አለ አባቴ። በዚያው ሳምንት መሪውን ለቀቀ።

አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ። ሐኪሙ ዓይኑን አይተው ሲጨርሱ፣ የግራው ነርቭ ከሞላ ጎደል እንዳለቀ፣ የቀኙም ከግማሽ በላይ እንደተጎዳ ነገሩን። በሽታው ግላኮማ ይባላል። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን እንጠብቅ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ልጆች አሉዎት? ወንድምና እህትስ? ሁሉም ይታዩ» አሉት። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ይህንን የምጽፈው የቤቴን ገመና ለማውጣት አይደለም። አባቴ ከዚያ በፊት ለዓመታት በደም ግፊት ምክንያት በየሦስት ወሩ ጤና ድርጅት ይመላለስ ነበር። ክንዱ ተለክቷል፣ ክብደቱ ተመዝኗል፣ ሽንቱ ተመርምሯል። ዓይኑን ግን አንድም ሰው አላየለትም። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት አይደለምና። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጤነኛ ነኝ ብሎ በእግሩ የመጣን ጎልማሳ ለሌላ ጉዳይ ስንመረምረው፣ ዓይኑንም ማየት ለምን የሥራው አካል አልሆነም?

እስቲ በሽታውን እንወቀው። ዓይናችን በውስጡ ውሃ ያመነጫል፤ ውሃው ወንፊት በመሰለ ቀጭን መውጫ በኩል ይፈሳል። መውጫው እየጠበበ ሲሄድ ግፊቱ ይጨምራል፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ያሉትን፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። በእኛ አገር የሚበዛው ዓይነት አያምም፣ አያቀላም፣ አያስለቅስም። መጀመሪያ የሚወስደው የዳር ዳሩን እይታ ነው። መሐሉን መጨረሻ ላይ ይተወዋል። የመንጃ ፈቃዱ ሰሌዳ ደግሞ የሚፈትነው መሐሉን ብቻ ነው! ስለዚህ ሰውየው ፊደሉን ያነባል፣ ልጁን አያይም።

አንድ ሌላ ስሕተትም አለ። «የዓይን ግፊት» ሲባል ብዙ ሰው «ደም ግፊቴ ደህና ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ስለ ዓይን የሚናገረው ነገር የለም። የዓይኑ ግፊት በራሱ መሣሪያ ይለካል፤ በአብዛኛው ጤነኛ ሰው ላይ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከ21 በታች ሆኖም ግላኮማ የሚይዘው ሰው ጥቂት አይደለም። ለዚህ ነው ልኬቱ ብቻውን የማይበቃው። ባለሙያው በመብራት መመልከቻ የነርቩን ራስ ማየት አለበት፤ እዚያ ያለችው ጎድጓዳ ስፍራ እንደ ስኒ እየሰፋች ከሄደች ነገሩ ያጠራጥራል።

ማንን ነው የሚያሰጋው? ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ የታመመበት፣ ቅርብ እንጂ ሩቅ የማያይ፣ ስኳር ያለበት። ጥቁር ሕዝብ ከሌላው ይልቅ ተጠቂ ነው። ለዓይን ማሳከክ ብሎ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን ጠብታ እየገዛ ወራት የሚጨምርም እዚሁ መዝገብ ውስጥ ይግባ፤ ስቴሮይድ ግፊት ያነሳል።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉን የጋረደው የዓይን ሞራ ነው። ትራኮማ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ። «አምስት በመቶማ ምን አላት!» የሚሉ አይጠፉም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሞራ የጋረደው ሰው ከዓመታት በኋላም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ያያል። ግላኮማ የወሰደውን ግን ወርቅ ቢከፈል የሚመልሰው የለም። ማዳን የሚቻለው ሰውየው «ምንም የለብኝም» በሚልበት ጊዜ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህንን በሽታ የሚያውቁት ይመስላል።

አሁን ወደ አሶሳ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የአገሪቱ የዓይን ሐኪሞች አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋና በመተከል ጸጥታው ሲደፈርስ መንገዱ የተዘጋባቸውን ወራት የአሶሳ ሰው አይረሳቸውም። ያን ጊዜ «ሪፈር» የተጻፈለት በሽተኛ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቁጭ ብሏል። አውሮፕላን አለ ይባላል፤ አለ! ለማን?

በዚህ ክልል ጉባ ላይ የተገነባው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ደስ ብሎናል፤ የእኛም ሳንቲም አለበት። ግን የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይሆን! ለአገር መብራት የሚያመነጭ ክልል ሰዎቹ ሳያውቁት ሲጨልምባቸው ዝም ሊባል አይገባም። ስለዚህ የክልሉን ጤና ቢሮ በአደባባይ እንጠይቃለን፦ በአሶሳ፣ በመተከልና በካማሺ ዞኖች ስንት ጤና ጣቢያዎች ውስጥ የዓይን ግፊት መለኪያ አለ? ስንቱ ይሠራል? ስንት ሰው ተለክቶበታል? መልሱን ላኩልን፣ እናወጣዋለን።

ክልሉ የዓይን በሽታ አዲሱ አይደለም። ወንዝ ዳር በሚራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውና ዓይን የሚያጠፋው ኦንኮሰርኪያሲስ የዚሁ አካባቢ ጠላት ነው። እሱን ለመከላከል አይቨርሜክቲን የተባለው ኪኒን በየመንደሩ ሲታደል ኖሯል፤ አዳዮቹም ከኅብረተሰቡ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ጤነኛ የሚመስል ሰው ለዓይኑ ሲባል መድኃኒት መዋጡን ሕዝቡ ለምዶታል። «ሕዝቡ አይገባውም» የሚለው ሰበብ አይሠራም ማለት ነው።

ተቃራኒውንም ሐሳብ ልደብቅ አልሻም። በአሜሪካ የቅድመ ምርመራ ጉዳዮችን የሚመዝነው የባለሙያዎች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2022 ምልክት የሌለውን አዋቂ ሁሉ ለግላኮማ መመርመር ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ሁለተኛም፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። በአንድ ልኬት አስደንግጠን ከአሶሳ አዲስ አበባ የምንልከው ጤነኛ ገበሬ በሬውን ሊሸጥ ይችላል። ይህ ቀላል በደል አይደለም።

ስለዚህ ከበሮ እየተደለቀ ክልሉ በሙሉ ይመርመር አልልም። የምለው አነስ ያለ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለቅጥር ወይም ለመንጃ ፈቃድ ምርመራ እዚያው ሲመጣ ዓይኑም ይታይ። ያጠራጠረው በሌላ ቀን እዚያው ድጋሚ ይለካ፤ ያኔም ካጠራጠረ ብቻ ይላክ። ለመለካቱ ስፔሻሊስት አያስፈልግም፤ የሠለጠነ የዓይን ነርስ ወይም ኦፕቶሜትሪስት ይበቃል። መንጃ ፈቃድ ላይ ደግሞ መርማሪው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ጣቱን ከጎን እያወዛወዘ «ይታይሃል?» ቢል ምን ይከስራል? ለጀማሪው በሽታ ይህ አይበቃም፤ አባቴን ግን ልጁ መንገድ ከመግባቱ በፊት ይይዘው ነበር።

ሌላው፣ ግላኮማ የተገኘበት ሰው ሁሉ ካርዱ ላይ የልጆቹና የወንድም እህቶቹ ጉዳይ ይጻፍ፤ ይጠሩ። በሽታው የት እንደሚኖር እየጠቆመን እኛ ሌላ ቦታ መፈለግ የለብንም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መድኃኒት! ሰውን «በሽታ አለብህ» ብሎ ባዶ እጁን መሸኘት ጭካኔ ነው። ቲሞሎል አዲስ ግኝት አይደለም፤ የቆየ ጠብታ ነው። ግን ዕድሜ ልክ የሚጨመር ነው፤ አስም ላለበት ሰውም አይሆንም። አባቴ አሶሳ ላይ አጥቶት እኔ ከአዲስ አበባ በሰው የላክሁበት ጊዜ አለ። ጠብታው ሲቋረጥ ነርቩ አይጠብቅም። ታንዛኒያ ውስጥ በኪሊማንጃሮ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ሌላ በር አሳይቷል፦ ከአንድ ዓመት በኋላ በጨረር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶው፣ በቲሞሎል ከታከሙት 31 በመቶው ነው የተሳካላቸው። አንድ የጨረር መሣሪያ አሶሳ ቢተከል በየወሩ ጠብታ ፍለጋ የሚንከራተተውን ስንቱን ያሳርፍ ነበር! ጎረቤታችን የሞከረውን እኛ ለመሞከር ምን ያዘን?

የሚመለከታችሁ ባለሥልጣናት፣ «በዕቅድ ተይዟል» የምትለዋን መልስ እናውቃታለን። የምንፈልገው ቀኑን፣ ቦታውንና የመሣሪያውን ቁጥር ነው።

እናንተ ይህችን ጋዜጣ ገዝታችሁ ታክሲ ውስጥ የምታነቡትም ነገሩ የአሶሳ ብቻ አይምሰላችሁ። ይህንን ጽሑፍ በደንብ እያነበባችሁት ነው አይደል? አባቴም ያነብ ነበር። ዕድሜያችሁ 40 ካለፈ፣ ወይም በቤተሰባችሁ «ቀስ እያለ ዓይኑ የጠፋ» ዘመድ ካለ፣ በሚቀጥለው የሐኪም ቤት ቀጠሮ «ዓይኔንም እዩልኝ» በሉ። የዓይን ባለሙያ ከሌለ የት እንዳለ ጠይቁ፤ ሳይነገራችሁ አትውጡ።

እኔ ታይቻለሁ። ለጊዜው ደህና ነህ፣ በየዓመቱ ተመለስ ተብያለሁ። አሶሳ ያሉት ሁለት እህቶቼ ግን ይህ ጽሑፍ እስከወጣበት ቀን ድረስ አልታዩም። ታላቋ ባለፈው ሳምንት ስደውልላት፣ «ኧረ እኔ ምንም የለብኝም፣ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ» አለችኝ።

አባቴም ሰሌዳውን እስከ ታች ነበር ያነበበው።